«አልገባኝም» ፍርድ አይደለም

በልጅነቴ ጋይንት ውስጥ ቅኔ ያስቆጠሩኝ የኔታ አንዲት ጥያቄ ነበረቻቸው። ከተማሪዎቻቸው አንዱ የጓደኛውን ቅኔ ሰምቶ «አልገባኝም» ሲል አይቆጡትም፤ አይስቁበትምም። ቀና ብለው «የት ላይ?» ይሉታል። በዚህች ጥያቄ ብዙ ሰው አፍሯል። ያልገባው ነገር የት እንዳለ ለማመልከት ተማሪው ቅኔውን በቃሉ መያዝ፣ ቤቱን መቁጠር፣ ግሱን ማርባት፣ ባለቤቱን ከተሳቢው መለየት ነበረበት። ይህን ሁሉ አድርጎ ሲያበቃ ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ ቅኔው ይገባዋል፣ ወይ ቅኔው ስሑት መሆኑን በጉባኤው ፊት ያሳያል። በሁለቱም መንገድ ጉባኤው ይጠቀማል። «ረቂቅ ነው፣ ድንቅ ነው» እያለ ለሚያደንቀውም የኔታ ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም። ያችው ናት፤ «የት ላይ?»

ይህችን ጥያቄ ዛሬ ያነሣኋት ስለ ቅኔ ትምህርት ልጽፍ አስቤ አይደለም። ስለ አንድ የእንግሊዝ ፊልምና ስለ ፈራጆቹ፣ በእሱም ሰበብ ስለ እኛው ሒስ ልከራከር ነው። ፊልሙ የጋይ ሪቺ «ሪቮልቨር» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የወንጀል ልብ አንጠልጣይ። እኔ ያየሁት ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ ነፋስ መውጫ ላይ፣ በአንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። አግዳሚው ላይ ተጨናንቀን የተቀመጥነው አብዛኞቻችን ተማሪዎች ነበርን፤ ከስማዳ የመጣ አለ፣ ከእስቴ የመጣ አለ፣ ከታች ጋይንት ስንቁን ተሸክሞ የመጣ አለ። ተኩስ ጠብቆ የገባው ሁሉ ግማሽ ሳይደርስ እየተነሣ ወጣ። የቀረነው እስከ መጨረሻው አይተን፣ ደጃፉ ላይ በዚያ ብርድ ቆመን ተከራከርን። አንዱ ወገን «ገንዘባችንን ተበላን፤ ምንም የሚገባ ነገር የለውም» አለ። ሌላው ወገን «የማይገባው ለእናንተ ነው፤ ረቂቅ ፊልም ነው» አለ። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነበርኩ። አንድ የስማዳ ልጅ ጓደኛዬ «እሺ፣ ምኑ ላይ ነው የረቀቀው?» ብሎ ጠየቀኝ። የኔታን ያህል አስደነገጠኝ። «ሁሉም ላይ» አልኩት። መልስ ሲጠፋ የሚሰጥ መልስ ነበር።

ከዓመታት በኋላ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሐያስያን ስለዚህ ፊልም የጻፉትን እየፈለግሁ ሳነብ፣ ነፋስ መውጫ ደጃፍ ላይ የተውኩትን ክርክር በእንግሊዝኛ አገኘሁት። እነሱም ሁለት ወገን ናቸው። አንዱ «አልገባንም፤ ስለዚህ ከንቱ ነው» ይላል። ሌላው «አልገባችሁም፤ ስለዚህ ጥልቅ ነው» ይላል። ልብ በሉ፤ ሁለቱ ጠላቶች የቆሙት በአንድ መሠረት ላይ ነው። አለመግባትን እንደ ማስረጃ ቆጥረው ፍርድ ይሰጡበታል። የኔ ክርክር ከሁለቱም ጋር ነው።

*

ፊልሙን ላላያችሁት ታሪኩን ላሳጥር። ጄክ ግሪን የሚባል ቁማርተኛ ሰባት ዓመት ለብቻው ተዘግቶ ታስሮ ይፈታል። በእስር ቤቱ ከግራና ከቀኙ ባሉት ክፍሎች ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የቼዝ ሊቅ፣ አንዱ የማጭበርበር ሊቅ። ፊታቸውን አላየም። በመጻሕፍት ገጾች ላይ እየጻፉ በሚለዋወጡት ሐሳብ ማንኛውንም ጨዋታ የሚያሸንፍ «ቀመር» ተማረ። ሲፈታ በዚያ ቀመር ገንዘብ ሰበሰበ፤ በቀለኛ ሆኖ የቁማር ቤት ጌታ የሆነውን ማካን በገዛ ቤቱ በሰው ፊት አዋረደው። ከዚያ ሲወጣ ደረጃ ላይ ወደቀ፤ የቀረህ ሦስት ቀን ነው ተባለ። ዛክና አቪ የሚባሉ ሁለት አራጣ አበዳሪዎች ከሞት አዳኑት፤ በምትኩ ገንዘቡን ሁሉ አስረክቦ የታዘዘውን እንዲፈጽም አደረጉት። ከሁሉም ጀርባ ደግሞ ማንም አይቶት የማያውቅ፣ ሁሉም ግን የሚንቀጠቀጥለት አንድ ጌታ አለ። ስሙ ሚስተር ጎልድ ይባላል።

ጎልድ ማለት ወርቅ ነው። ለቅኔ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ግብዣ ከየት ይመጣል? ፊልሙ በስሙ ብቻ «ወርቁን ፈልጉ» እያለ ነው። ወርቁም በመጨረሻ ይገለጣል፤ ሰው የሚፈራው ያ የማይታይ ጌታ በውጭ ያለ ባላጋራ ሳይሆን በራሱ ራስ ውስጥ ተቀምጦ «እኔ» እያለ የሚናገረው ትዕቢት ነው። ሰውየው ሲዋጋ የኖረው ከራሱ ጋር ነው። ሐሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የአባቶች ገድልና ተግሣጽ የተሞላበት ነው። ይህን በሽጉጥና በቁማር ሰም ጠቅልሎ ማቅረብ መመኘቱ ያስመሰግነው እንደሆነ እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም።

አቀባበሉ ግን የከፋ ሆነ። የሐያስያንን አስተያየት የሚሰበስበው «ሮተን ቶሜቶስ» የተባለው ድረ ገጽ ላይ ፊልሙን የደገፉት ከአምስት አንድ እንኳ አይሞሉም። ስመ ጥሩው አሜሪካዊ ሐያሲ ሮጀር ኢበርት ከአራት ኮከብ ግማሽ ኮከብ ሰጠው። አሜሪካ ውስጥ የታየውም እንደገና ተቆርጦና ተስተካክሎ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

*

በመጀመሪያ ከሐያስያኑ ጋር እነጋገራለሁ። ሦስት በደል አለባቸው።

አንደኛው፣ ፊልሙን የመዘኑት ከሌላ ፊልም ጋር ነው። ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1998 «ሎክ ስቶክ ኤንድ ቱ ስሞኪንግ ባረልስ»ን፣ በ2000 «ስናች»ን ሠርቶ አስቋቸው ነበር። ሦስተኛ ሳቅ ጠብቀው ገቡ። ዳቦ ሊገዛ ሄዶ ዳቦ ጋጋሪው ጠጅ ቢያቀርብለት «ይህ ዳቦ አይደለም» ብሎ እንደሚከስ ገበያተኛ ናቸው። እውነት ነው፣ ዳቦ አይደለም። ጥያቄው ግን ጠጁ ጠጅ ሆኗል ወይስ አልሆነም የሚል ነበር።

ሁለተኛው፣ ከፊልሙ ይልቅ የፊልሙን ሠሪ ቤት ፈተሹ። ሪቺ በዚያን ጊዜ የማዶና ባል ነበር፤ ባልና ሚስቱ ካባላ ወደሚባለው የአይሁድ ምስጢራዊ ትምህርት ማዘንበላቸውም ይወራ ነበር። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2002 ሚስቱን ይዞ የሠራው «ስዌፕት አዌይ» ክፉኛ ወድቋል። ስለዚህ ስለ «ሪቮልቨር» ከተጻፈው ብዙው ስለ ትዳሩና ስለ እምነቱ የተጻፈ ፌዝ ነው። ሰው ስለ ጋብቻው ሲታማ ሥራው ተሐሰሰ አይባልም።

ሦስተኛውና ዋናው «ምንም አይገባም» የሚለው ነው። ይህ ስለ ተናጋሪው የተሰጠ መረጃ እንጂ ስለ ሥራው የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አሞኛል» ያለ ሰው ሕመሙን ተናገረ እንጂ በሽታውን አላወቀም። «የት ላይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው ምርመራው የሚጀምረው። ከሐያስያኑ ጥቂቶቹ ምርመራውን ጀምረዋል፤ የሚበዙት ግን መታመማቸውን አሳምረው ጻፉልን። አሳምሮ መታመም ደግሞ እንደ ሒስ ይነበባል፤ አንባቢን ያስቃል፤ ጸሐፊውንም ብልህ ያስመስለዋል። ጉዳቱ ይህ ነው። ትክክለኛ ፍርድ እንኳ ምክንያት ሳይዝ ሲሰጥ ለሚቀጥለው ሰው አይጠቅመውም። ዳኛ «ጥፋተኛ ነህ» ብሎ ምክንያቱን ሳይናገር ቢነሣ፣ ተከሳሹ በእርግጥ ሌባ ቢሆን እንኳ፣ ያ ፍርድ ተብሎ አይጠራም።

*

አሁን ወደ ወዳጆቼ፣ ወደ ቀድሞው ወገኔ እመለሳለሁ።

የፊልሙ አድናቂዎች ቁጥር ከዓመት ዓመት ጨምሯል። ቼዙን ይፈታሉ፤ ቀለማቱን ያመሳጥራሉ፤ የአሳንሰሩን ፎቅ ቁጥር ሳይቀር ይተነትናሉ። ትጋታቸውን አልንቅም። ነገር ግን ይህ ፍለጋ አንድ የድሮ ልማዳችንን ያስታውሰኛል። በዱሮ ዘመን ሌባ ሲጠፋ «ሌባ ሻይ» የሚባል ነገር ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ወገቡን በመቀነት አስረው ይለቁታል። ልጁ እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞራል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ልጁ የሆነ ቦታ መውደቁ አይቀርም፤ ሰው ነውና ይደክመዋል። መውደቁን ግን እንደ ማስረጃ ቆጠሩት።

የ«ሪቮልቨር» ፈቺዎችም እንዲሁ ናቸው። አሥራ ሦስት ቁጥር ላይ ይወድቃሉ፤ ምስጢር ተገኘ ይባላል። ቀይ መብራት ላይ ይወድቃሉ፤ ምስጢር ተገኘ። የት ቢወድቁ ምስጢር የማይገኝበት ቤት የለም። እኔ ደግሞ እጠይቃለሁ፤ የትም ወድቆ የሚገኝ ምስጢር ምን ዓይነት ምስጢር ነው? ቅኔ ሁሉን እንዲያስብል የተፈታ አይደለም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ በሁለት ቤት ውስጥ ሰሙም ወርቁም ቦታቸው የታወቀ ነው። ኅብር ቢሆን አንዲት ቃል ናት ሁለቱን የምትይዘው፤ ጣትህን ታሳርፍባታለህ። «ሁሉም ላይ ነው» የሚል ተማሪ ወርቁን አላገኘውም። እኔም ያን ዕለት አላገኘሁትም።

ከሁሉ ይልቅ አድናቂዎቹን ሊያሳፍር የሚገባው ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለአሜሪካ ተመልካች በወጣው ቅጂ መጨረሻ ላይ ሊቃውንት ነን የሚሉ ሰዎች ብቅ እያሉ ስለዚያ «እኔነት» ምንነት ያብራራሉ። ቅኔ ይተረጎማል፤ መተርጎሙ ነውር አይደለም። ነገር ግን ባለ ቅኔው ራሱ ተርጓሚ ቀጥሮ ከቅኔው ጋር ካላስቆመ በቀር የማይሰማ ከሆነ፣ ያ ወርቅ ተቀበረ እንጂ ተጠቀለለ አይባልም።

*

«አንተስ ምን ትላለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ተገቢ ነው። ከሳሽ ሆኖ ማስረጃ አለማቅረብ ነውር ነው።

የጋይንት ቤተልሔምን የሚያውቅ ያውቃታል። ድጓ የትም ተምሮ የመጣ ተማሪ እዚያ ሄዶ ነው የሚያስመሰክረው። የሕንፃዋም ነገር ራሱ ትምህርት ነው። ቶማስ ፓክንሃም የተባለው የብሪታንያ ተወላጅ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1955 እዚያ ሲደርስ፣ ከውጭ ያየው እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብና ሣር ክዳን ነበር። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በዚያ ክብ ቤት ውስጥ ተሸሽጎ የቆመ፣ ከመካከለኛው ዘመን የተረፈ፣ በድንጋይና በእንጨት የታነፀ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አገኘ። ለውጭው ዓለም ነው አዲስ የሆነው፤ የሀገሩ ሰው ድሮም ሲያስቀድስበት የኖረ ነው።

የኔ መስፈርት ይህ ሕንፃ ነው። የውጭው ቤት ሽፋን ነው፤ ይሁን እንጂ በእርግጥም ቤት ነበር። ዝናብ ያስቆማል፤ ሰው ይጠለልበታል። የውስጡን የማያውቅ መንገደኛ ቢያርፍበት ከብርድ ያድነዋል። ሰምም እንዲሁ ነው። ወርቁን ያላወቀ ሰው ሰሙን ብቻ ሰምቶ የተሟላ ነገር ሰምቶ መሄድ አለበት። ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ ሰምና ወርቅ አይባልም።

በዚህ መስፈርት «ሪቮልቨር»ን ልየው። የት ላይ ወደቀ? ቀመሩ ላይ። ፊልሙ ሁሉን የሚያሸንፍ ቀመር አለ ብሎ ይነግረናል፤ ጄክ ሲያሸንፍ እናያለን፤ አንዱ እርምጃ ሌላውን እንዴት እንደወለደ ግን አይታየንም። በወንጀል ታሪክ ውስጥ ሰሙ ማለት ይህ ነው፤ ማን ማንን በምን አታለለ የሚለው ነገር። እሱ ከሌለ ጣሪያው ተነሥቷል። ሌላ ቦታ ልጨምር። ሦስት ቀን ቀረህ የተባለው ሞት። ታሪኩን ሁሉ የሚነዳው ይህ ቀጠሮ ነው፤ ቀጠሮው ሲደርስ ግን ሞቱ ሳይመጣ ይቀራል። ወርቁን ለሚያውቅ «የሞተው ትዕቢቱ ነው» ማለት ይቻላል። ሰሙን ብቻ ለያዘው ተመልካች ግን የተሰጠ ቃል ተበላ። ቪዲዮ ቤቱ ደጃፍ ላይ «ገንዘባችንን ተበላን» ያለው ልጅ አልተሳሳተም ነበር፤ የተበላበትን ቦታ ማሳየት ብቻ ነው ያቃተው።

የት ላይ ተሳካ? አሳንሰሩ ላይ። ጄክ በመጀመሪያ ከቁማር ቤቱ ሲወጣ አሳንሰር ይፈራል፤ ስለዚህ በደረጃ ይወርዳል፤ እዚያው ይወድቃል። ሰባት ዓመት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለተዘጋ ሰው ጠባብ ክፍል መፍራት የተፈጥሮ ነው፤ ማንም ተመልካች ይህን ያለ ትርጓሜ ይረዳዋል። ይህ ሰሙ ነው፤ ጣሪያው አያፈስም። በኋላ ያው ሰው አሳንሰር ውስጥ ይገባል፤ አሳንሰሩ ይቆማል፤ በዚያች ጠባብ ሣጥን ውስጥ ከገዛ ድምፁ ጋር ይፋጠጣል። ያን ጊዜ ሲፈራው የኖረው ጠባብ ክፍል የገዛ ራሱ መሆኑ ይገባናል። በአንድ አሳንሰር ሰሙም ወርቁም ተያዙ። እዚህ ላይ ፊልሙ ቅኔ ሆኗል። ጣቴን አሳርፌ ማሳየት እችላለሁ።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይህ ነው፤ አንድ ያማረ ክፍል ያለው፣ ጣሪያው ግን ያልተከደነ ቤት ነው። ወድቋል ካሉት ጋር በፍርዱ እስማማለሁ፤ በምክንያቱ አልስማማም። ካነበብኳቸው ነቃፊዎች ስለ አሳንሰሩ በቅጡ የጻፈ አላገኘሁም፤ አድናቂዎቹም አሳንሰሩን ከቀመሩ ሳይለዩ ሁሉንም በአንድ ድምፅ አመሰገኑ። ስለዚህ ሪቺ ራሱ ቢጠይቅ «የቱን ላቆይ፣ የቱን ልጣል?» የሚለው ጥያቄ ከሁለቱም ወገን መልስ የለውም።

*

«ስለ እንግሊዝ ፊልም ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። የሚያገባን እኛም በዚሁ በሽታ የምንሠቃይ ስለሆንን ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የሚጎዳው በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ያለው ዳይሬክተር አይደለም።

ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም. አሳተመ። ደራሲው ከታሪኩ ፊት ገለል ብሎ ሰዎቹ ራሳቸው እንዲናገሩ የተወበት፣ በየአፋቸው ያለው ቃል እንደየኑሯቸው የሚለያይበት ልብ ወለድ ነው። በዘመኑ የነበረው አንባቢ ብዙው «ከባድ ነው» ብሎ አስቀመጠው። የት ላይ ነው የከበደው? ቃላቱ ላይ? የሰዎቹ ንግግር ላይ? አዋቅሩ ላይ? ይህን ለመለየት የተደከመው በጣም ዘግይቶ፣ ደራሲው ብዙ ከጠበቀ በኋላ ነው። የሚቀጥለውን ልብ ወለዱን በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ለንደን ታተመ። ምክንያቱ ያ አቀባበል ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን አንድ ቋንቋ እንደዚያ ያለውን ሰው ምክንያት በሌለው ፍርድ ማስተናገዱ ሊያሳፍረን ይገባል።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። አንድ ግጥም ካልተረዳን «ረቂቅ» እንላለን፤ ጸሐፊው ይደሰታል፤ እኛም ሰነፍ ከመባል እንድናለን። አዳም ረታን ተመልከቱ። ታሪክን ከታሪክ እንደ እንጀራ ዓይን የሚያያይዝበትን መንገድ ራሱ «ሕጽናዊነት» ብሎ ሰይሞ፣ መክፈቻውን በእጃችን ሰጥቶናል። ያም ሆኖ ከአንባቢዎቹ ግማሹ ሳይከፍተው ያመልከዋል፤ ግማሹ ሳይከፍተው ይተወዋል።

ውስብስብነት ሰሙን ማፍረስ የለበትም ስል ተጠርጥሬ እንዳልቀር ምስክር ልጥራ። የጎንደሬው ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ጊዜው የተቆራረጠ ነው፤ ከጀርመን ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጣና ዳር ወዳለች መንደር ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘላል። ነገር ግን ሰሙን ጠይቁት። አንድ የተማረ ልጅ ከባሕር ማዶ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተሰባብሮ እናቱ ቤት ተመለሰ። ይህን የማይረዳ የስማዳ እናት አለች? ጊዜው የተሰባበረው የአንበርብር አእምሮ ስለተሰባበረ ነው። ያን የዘለለ ትውልድን ያገኛል፤ ያልዘለለም እናትና ልጅን ይዞ ይሄዳል። ጣሪያው አያፈስም።

*

አሁን የጀመርኩትን ልጨርስ። ያን ቀን «ምኑ ላይ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ የስማዳ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የወንጀል ታሪክ ጻፈ። አንድ ሰው ተገድሎ ይገኛል፤ ደብሩ ሁሉ ለአውጫጭኝ ተሰብስቦ ገዳዩ እስኪታወቅ ሜዳ ላይ ይውላል፤ ሰባት ሰዎች በየተራ ይናገራሉ፤ አንዱ የተናገረው ከሌላው ይጋጫል። ለአንድ ውድድር ላከው። ከዳኞቹ አንዱ ጠርዙ ላይ «ይወሳሰባል» ብሎ ጽፎ መለሰው፤ ሌላው «ረቂቅ ሥራ ነው» ብሎ ጽፎ መለሰው። ሁለቱም ያን አንድ ቃል እንጂ ሌላ አልጨመሩም። ለእኔም አሳየኝ። አነበብኩት፤ መካከል ላይ ጠፋብኝ፤ ሐቁን ልናገርና «አልገባኝም» አልኩት። በየኔታ እግር ሥር ዓመታት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። እንዲያ ብዬ ዝም አልኩ። እሱም ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

እስቴ ውስጥ ቆማ አለች፤ ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም አለች። ሁለቱ የድጓ ቤቶች በዜማ ይለያያሉ። የቆማው የቤተልሔሙን «አልገባኝም» ብሎ አያጣጥለውም፤ «ረቂቅ ነው» ብሎም አያልፈውም። «እዚህ ምልክት ላይ እናንተ እንዲህ ትላላችሁ፣ እኛ እንዲህ እንላለን» ይላል። ልዩነታቸውን ለዘመናት ተሸክመው የዘለቁት ቦታውን በጣታቸው ማሳየት ስለሚችሉ ነው። ይህ ልማድ ያለው ሀገር ልጆች ሆነን፣ ፊልምና መጽሐፍ ላይ ስንደርስ እንደ ቪዲዮ ቤት ደጃፍ በሁለት ጎራ መጯጯህ አይገባንም። ሐያሲ የሆነ ሁሉ የሚወደውንም የሚጠላውንም ሥራ ይዞ በቅድሚያ ቦታውን ያሳየን። ገጹን፣ ትዕይንቱን፣ ቃሉን። ፍርዱ ከዚያ በኋላ ቢመጣ እንሰማዋለን።

ዘንድሮ ያን ጽሑፍ ከጓደኛዬ ለምኜ ተቀበልኩት። ቀለሙ ደብዝዟል። በሦስት ቀን ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ደወልኩለት። «አልገባኝም ያልኩህ ትዝ ይልሃል?» አልኩት። «ይለኛል» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎም «የት ላይ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«41ኛው ገጽ ላይ» አልኩት። «አምስተኛው ምስክር ስለ በቅሎዋ ሲናገር። ሁለተኛው ምስክር በቅሎዋ ጠፍታለች ብሎ እንደነበር አላስተዋልኩም። እሱን ካላስተዋሉ ቀሪው አይያያዝም። ግን አንተም አንዴ ብቻ ነው የጠቀስከው፤ ያውም በሌላ ነገር መሐል።»

«ቆይ፣ ብዕር ላምጣ» አለኝ።